ፊልትሮና ማርሚታ የተቀየረላት ትንሽ ሞተር፦ ጂግለሯን ለደጋም ለቆላም ማስተካከል

«ማርሚታ ከፍቻለሁ፣ ኮን ፊልትሮ አስገብቻለሁ፤ ስንት ቁጥር ጂግለር ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ እንዲሁ በደፈናው መልስ የለውም። (ጂግለር ማለት አየርና ነዳጅ በሚያደባልቀው ካርቡራተር ውስጥ ነዳጁን በልክ የምታሳልፍ ባለ ቀዳዳ የናስ ቁራጭ ናት፤ ማርሚታ የጭስ ማውጫው፣ ኮን ፊልትሮ ደግሞ በአየር ሳጥኑ ፈንታ የሚገባ ክፍት የአየር ማጣሪያ ነው።) ሞተሯ የምትሮጥበትን ከፍታ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ችግሩ የሚታየው ነዳጅ መስጫው ምን ያህል ሲከፈት እንደሆነ መለየት አለበት፤ ይህን ያልለየ ሰው ካርቡራተሩን ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። ከውጭ አገር ቪዲዮ የሚቀዳው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ባሕር አጠገብ ለሚኖር ሰው የወጣ ስለሆነ እኛ ጋ ሲደርስ ነዳጅ ያበዛል፤ ሰውም «ጂግለር ጨምሬ ባሰባት» ይላል።

የምጽፈው በዋናነት መንገዳችን ላይ በብዛት ስለሚታየው ሲጂ ዓይነት ሞተር ነው፦ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ቫልቩ በዘንግ የሚገፋ፣ 125 ወይም 150 ሲሲ። የ125ቱ ሲሊንደር 56.5 ሚሊ ሜትር፣ የ150ው 62 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የፒስቶኑ ጉዞ በሁለቱም 49.5 ሚሊ ሜትር ነው። ካርቡራተሩ ብዙ ጊዜ ፒዜድ 26 ወይም ፒዜድ 27 ሲሆን፣ ጉልበት የፈለገ ሰው ፒዜድ 30 ያስገባበታል። ስላይዱ (ውስጡ ከፍ ዝቅ እያለ የአየሩን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቁራጭ) በገመድ የሚሳብ ሌላ ካርቡራተር ያላችሁም አካሄዱ ያው ነው። ስኩተር ያላችሁ መጨረሻ ላይ ለብቻው የጻፍኩትን እዩ።

ከፍታው ምን ያደርጋል

አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ እዚህ 760 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ 1,013። ፒስቶኑ በአንድ ምት የሚስበው አየር በክብደት ሲታይ ታች ከሚስበው በሩብ ያህል ያንሳል ማለት ነው። ነዳጁም አብሮ ይቀንሳል፤ ግን በአየሩ ልክ አይቀንስም። ጂግለሩ ውስጥ የሚያልፈው ነዳጅ የሚከተለው የአየሩን ክብደት ካሬ ሥር ስለሆነ፣ አየሩ 25 በመቶ ሲጎድል ነዳጁ የሚጎድለው 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ልዩነቱ ሲሰላ ድብልቁ 15 በመቶ ያህል ነዳጅ ይበዛበታል። ጥቁር ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ ጠዋት ማጨስ፣ ዳገት ላይ መታፈን፣ ቤንዚን መጨረስ፣ ሁሉም ከዚህ ይመጣሉ።

ወደ ጂግለር ቁጥር ስንመልሰው፣ የኬይሂን ዓይነት ጂግለር ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው፤ 100 ማለት 1.00 ሚሊ ሜትር። ነዳጁን 13 በመቶ ለመቀነስ የቀዳዳውን ስፋት ከ6 እስከ 7 በመቶ ማጥበብ ይበቃል። ስለዚህ ለባሕር ጠለል 100 ይዛ የተሠራች ሞተር አዲስ አበባ ላይ 93 ወይም 94 አካባቢ ይስማማታል። የሚኩኒ ባለ ስድስት ማዕዘን ጂግለር ግን ቁጥሩ የሚያሳልፈውን የነዳጅ መጠን ነው የሚያመለክተው፤ እዚያ ላይ ቁጥሩ ራሱ 13 በመቶ ይቀንሳል፤ 150 የነበረው 130 ይሆናል። የአንዱን ቁጥር ለሌላው መጠቀም የብዙ ግራ መጋባት ምንጭ ነው።

አሁን መነካካቱን እንጨምርበት። ማርሚታው ሲከፈትና የአየር ሳጥኑ ወጥቶ ኮን ፊልትሮ ሲገባ ሞተሯ ብዙ አየር በቀላሉ ትስባለች፤ ባሕር ጠለል ላይ ይህ ከፋብሪካው ቁጥር 5 ወይም 10 ከፍ ያለ ጂግለር ይጠይቃል። እኛ ጋ ከፍታው ቀንስ ይላል፣ መነካካቱ ጨምር ይላል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ውጤት ሰውን ያስገርማል፦ ማርሚታና ፊልትሮ የተቀየረላት ሞተር አዲስ አበባ ላይ በትክክል የምትሠራው ከፋብሪካ ይዛው በመጣችው ጂግለር ወይም ከእሱ አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ባለው ነው። ምንም ያልተነካች ሞተር ደግሞ መቀነስ ነው የሚያስፈልጋት። ወዲያው 115 እና 120 የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያባክናል።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ በከፍታው የጠፋውን ጉልበት ጂግለር አይመልሰውም። አየሩ ሩብ ጎድሏል፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ ጎድሏል። ጂግለር ሲስተካከል የሚመለሰው በተበላሸ ድብልቅ ምክንያት በተጨማሪ የጠፋው ነው። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ጂግለር ከመንካት በፊት

የካርቡራተር ችግር የሚመስል ግን ያልሆነ ነገር ብዙ ነው። መጀመሪያ የቫልቭ ክፍተቱን ሞተሯ ፈጽሞ በቀዘቀዘችበት ሰዓት ለኩ፤ ከ0.05 እስከ 0.08 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ቫልቩ ከጠበበ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሯ የምትቆይበት ዝቅተኛ ዙር) አይቆምም፣ በድብልቅ ብሎኑም አይስተካከልም። ካንዴላው ዲ8ኢኤ ወይም አቻው፣ ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጂግለር ስትፈትኑ አዲስ ካንዴላ አስገቡበት፤ በአሮጌ ጥቀርሻ ላይ አዲስ ቀለም አይነበብም።

ቀጥሎ ነዳጁ በነጻነት መውረዱን እዩ። ቱቦውን ከካርቡራተሩ ነቅላችሁ ጠርሙስ ውስጥ ክፈቱት፤ ሳይቆራረጥ መፍሰስ አለበት። ጥሩ ጀምሮ ቆይቶ የሚቀንስ ከሆነ የታንከሩ ክዳን አየር አያስገባም ማለት ነው። በሙሉ ፍጥነት ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳ የምትሞት፣ ቆም ብላ የምትነሣ ሞተር ብዙ ጊዜ ችግሯ ይኸው ክዳን ወይም የቧንቧው ወንፊት ነው። በዚህ ምክንያት ትልቁን ጂግለር (ሙሉ ሲሰጥ የሚሠራውን) መጨመር ምንም አይጠቅምም።

ከሁሉም በላይ ግን አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ፈልጉ። ካርቡራተሩን ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ራስ) የሚያገናኘው አንገት በሁለት በኩል ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ወይም የጎማ ቀለበት አለው። ፒዜድ 30 ሲገጠም በአሮጌው አንገት ላይ ነው የሚታሰረው፤ የአንገቱ ቀዳዳ ከካርቡራተሩ አፍ ከጠበበ መገናኛው ላይ ደረጃ ይፈጠራል፣ ጓርኒሲዮኑም ጠርዙን በደንብ አይዘጋም። ሰው ይህን ሲያይ ብሎኑን አብዝቶ ያጠብቃል፤ ለስላሳው የካርቡራተር ጆሮ ይታጠፍና የባሰ አየር ያስገባል። መፈተኛው ሞተሯን በሚኒሞ አስነሥቶ መገናኛው ዙሪያ ትንሽ ዘይት መርጨት ነው፤ ድምፅዋ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። የጋለ ማርሚታ ላይ እንዳይረጭ ተጠንቀቁ። የታጠፈውን ጆሮ ለማቃናት ወፍራም መስታወት ላይ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግታችሁ ፊቱ ሁሉ እኩል እስኪያበራ ድረስ ፈግፍጉት። አዲስ ጓርኒሲዮን አስገቡበት፤ ሲሊኮን አትቀቡት፣ ቤንዚን ያሟሟዋል፣ ቁርጥራጩም የሚኒሞ ጂግለር ውስጥ ይገባል።

ከካርቡራተሩ ሥር ባለው ኩባያ ውስጥ የነዳጁን ልክ የሚጠብቀውን ተንሳፋፊም አትርሱ። ከታች ካለው የማፍሰሻ ብሎን አፍ ላይ ግልጽ ቱቦ ሰክታችሁ ወደ ላይ ብታነሡት፣ ብሎኑን ላላ ስታደርጉ ውስጥ ያለው የነዳጅ ልክ በቱቦው ይታያል። ልኩ ኩባያው ከካርቡራተሩ አካል ጋር ከሚጋጠምበት መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። መስመሩን ካለፈ ነዳጅ በሁሉም ደረጃ ይበዛል፤ ያኔ የምትቀይሩት ጂግለር ሁሉ የተሳሳተ መልስ ይሰጣችኋል። የተንሳፋፊው መርፌ ጫፍ ላይ ያለው ጎማ ቀለበት የሠራ መስመር ካለው ይቀየር።

ነዳጅ መስጫው ላይ ምልክት

ጠባብ ነጭ ፕላስተር ነዳጅ መስጫው መያዣ ላይ ለጥፉ፤ በማይዞረው ክፍል ላይ ደግሞ ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ፣ ሙሉ ብላችሁ በእስክሪፕቶ መስመር አድርጉ። በእጅ ስሜት «ግማሽ ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሩብ ሆኖ ይገኛል። መጀመሪያ ግን ገመዱን እዩ፤ መሪውን ሙሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስታዞሩ ሚኒሞው ከተለወጠ ገመዱ ተወጥሯል፣ ሙሉ ስትከፍቱ ደግሞ ስላይዱ እስከ ላይ መውጣት አለበት። ስላይዱ ጥግ የማይደርስባት ሞተር ላይ ትልቁ ጂግለር ሥራውን ጨርሶ አይጀምርም።

ከዝግ እስከ አንድ ስምንተኛ ድረስ የሚሠራው የሚኒሞ ጂግለርና የድብልቅ ብሎኑ ነው። ከአንድ ስምንተኛ እስከ ሩብ የስላይዱ ግርጌ የተቆረጠበት ቅርጽ ይገባበታል፤ እሱን አንነካም። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ስላይዱ ላይ የተንጠለጠለው መርፌ ነው (የተንሳፋፊው አይደለም)። ከሦስት ሩብ በላይ ትልቁ ጂግለር። ድንበሩ የተሰመረ አይደለም፣ አንዱ ወደ ሌላው ይገባል፤ ቢሆንም ችግሩ የትኛው ክልል ውስጥ እንዳለ ለመለየት ይበቃል። ከተማ ውስጥ የምትሮጥ ሞተር አብዛኛውን ቀኗን ከግማሽ በታች ነው የምታሳልፈው። «ከተማ ውስጥ ቤንዚን ፈጀችብኝ» የሚል ሰው ትልቁን ጂግለር ሲቀይር ሳይ የሚገርመኝ ለዚህ ነው፤ ክሱ በመርፌውና በሚኒሞው ላይ መሆን ነበረበት።

ምልክቶቹ እንዲህ ይለያሉ። ነዳጅ ሲበዛ ድምፁ ይደፈናል፣ ሞተሯ ወፈር ባለ ድምፅ እየተንተፋተፈች ቀስ ብላ ትነሣለች፣ ስትሞቅ ይብስባታል፣ ቾክ ሳትፈልግ በብርድ ትነሣለች። ነዳጅ ሲያንስ ደግሞ ስትሰጧት ለቅጽበት ባዶ ትሆናለች፣ ከዚያ ትወረወራለች፤ ስትሞቅ ትሻላለች፤ ነዳጅ ስትለቁ ማርሚታው ይተኩሳል፤ ዙሩ ወደ ሚኒሞ ቶሎ አይመለስም፣ ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። ማርሚታ ሲተኩስ ሁልጊዜ ጂግለር አይደለም፤ ከቴስታታው ጋር የሚያያዝበት የመዳብ ቀለበት ሲያረጅም ይተኩሳል።

አሠራሩ

ሞተሯን 10 ደቂቃ ያህል ነድታችሁ አሙቁ። በቀዘቀዘ ሞተር ላይ የተስተካከለ ነገር ሁሉ ሲሞቅ ነዳጅ ይበዛበታል። ሚኒሞውን 1,400 ዙር አካባቢ አድርጉ፤ ቆጣሪ ከሌላችሁ ሳትንቀጠቀጥ ግን ሳትጮኽ የምትቆምበት ድምፅ ነው።

ከትልቁ ጂግለር ጀምሩ። እኔ ሁልጊዜ ከፍ ካለው ቁጥር ወደ ታች ነው የምወርደው፤ ነዳጅ የበዛበት ሞተር ያጨሳል እንጂ አይቃጠልም፣ ነዳጅ ያነሰው ግን በሙሉ ኃይል ላይ ፒስቶን ያቀልጣል። ለአዲስ አበባ ለተነካካች 150 መነሻው 105 ቢሆን አይከፋም፤ ከዚያ 102፣ 100፣ 98 እያላችሁ ውረዱ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ቁጥሩን ከፍታውንና የሆነውን ደብተር ላይ ጻፉ።

ፈተናው ጭር ያለ፣ ቀለል ያለ ዳገት ያለው መንገድ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ይደረጋል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ጭነት ለመስጠት ጥሩ ነው፤ ሆኖም ላይ በደረሳችሁ ቁጥር አየሩ ይበልጥ ስለሚሳሳ ንባባችሁን ከታችኛው ክፍል ውሰዱ። ሙሉ ስጡና ፍጥነቷ ሲረጋ ነዳጅ መስጫውን ወደ ሰባት ስምንተኛ መለስ አድርጉ። በዚያች ቅጽበት ጉልበት ከጨመረች ነዳጅ አንሷታል፣ ጂግለሩ ይጨመር። ቀስ ብላ ከቀነሰች ወይ ትክክል ነው ወይ ትንሽ በዝቷል። ሁለቱን ለመለየት ሙሉ ላይ ሆናችሁ ቾኩን ለአፍታ ትንሽ ሳቡት፤ ከተሻላት አንሷታል፣ ወዲያው ከታፈነች በቂ ነዳጅ አላት። ሙሉ ሲሰጥ የምትንተፋተፍ፣ ሦስት ሩብ ላይ ግን የምትጠራ ከሆነ ቁጥሩን አንድ ደረጃ አውርዱ። የምትንተፋተፍበት ቁጥር ከጠፋ በኋላ እዚያው ቁሙ፤ «አንድ ልጨምር ልቀንስ» ከሆነ ነገሩ ከፍ ያለውን ያዙ።

ካንዴላ ለማንበብ በሙሉ ኃይል አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ፣ ሳትቀንሱ ማጥፊያውን ተጫኑና በዚያው ቅጽበት ፍሪሲዮኑን ያዙ፤ ተንሸራታችሁ ቁሙና ካንዴላውን ፍቱ። በቁልፍ የምታጠፉ ከሆነ ቁልፉ መሪ ወደሚቆልፍበት እንዳይሄድ። ቀስ ብላችሁ ወደ ሚኒሞ ወርዳችሁ ካጠፋችሁ የምታነቡት የሚኒሞውን ቀለም ነው። ጫፉን ሳይሆን ነጩ ሸክላ ወደ ውስጥ ገብቶ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበትን ጥግ በባትሪ እዩ፤ እዚያ ላይ ቀጭን ቡናማ ቀለበት ከታየ ጥሩ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ ነዳጅ በዝቷል። ቅባት ያለው እርጥብ ጥቁር ከፋሻ (ከፒስቶኑ ቀለበት) ወይም ከቫልቭ ጎማ የሚመጣ ዘይት ነው፣ ካርቡራተሩን አትክሰሱ። ሸክላው እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ላዩ ላይ ደቃቅ የሚያብረቀርቁ ጠብታዎች ካሉ የፒስቶን አሉሚኒየም ነው፤ እዚያው ቁሙና ወዲያውኑ ቁጥሩን ጨምሩ።

መርፌው የተነካካች ሞተር ዋና ቦታ ነው፤ ሰው ግን ብዙም አይነካውም። ኮን ፊልትሮ ሲገባ የአየር ሳጥኑ የሚሰጠው የተረጋጋ ፍሰት ይጠፋል፤ መካከለኛው ክልል ላይ፣ ማለትም ሩብና ግማሽ አካባቢ፣ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። መርፌው ላይ ብዙ ጊዜ አምስት እርከን አለ፣ ክሊፑም መሐሉ ላይ ይሆናል። ክሊፑን አንድ እርከን ዝቅ ስታደርጉ መርፌው ከፍ ይላል፣ ነዳጅ ይጨምራል፤ ክሊፑን ከፍ ስታደርጉ ደግሞ ይቀንሳል። ይህ ሰውን ዘወትር ያምታታዋል። ርካሽ ካርቡራተሮች መርፌ ላይ አንድ እርከን ብቻ ካለ፣ ውፍረቱ 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የ3 ሚሊ ሜትር ብሎን ሮንዴላ ክሊፑ ሥር አስገቡ፤ ግማሽ እርከን ያህል ነው፣ ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ይበቃል። በሦስተኛ ማርሽ ግማሽ ላይ ያለማቋረጥ ንዱ፤ ሞተሯ ወደፊት ወደኋላ እየተንገታገተች የምትሄድ ከሆነ ነዳጅ አንሷታል። ስላይዱን ስትመልሱ ጎኑ ላይ ያለው ስንጥቅ በካርቡራተሩ ውስጥ ካለችው ፒን ጋር መግጠም አለበት፤ ተገልብጦ ከገባ ሞተሯ በሙሉ ነዳጅ ነው የምትነሣው።

በመጨረሻ ወደ ሚኒሞው ተመለሱ። የድብልቅ ብሎኑን መጀመሪያ ለዩት፦ ከስላይዱ ወዲህ ወደ ሞተሯ በኩል ያለ ከሆነ ነዳጅ ነው የሚቆጣጠረው፣ ሲላላ ነዳጅ ይጨምራል። ወደ ፊልትሮው በኩል ያለ ከሆነ አየር ነው፤ ሲላላ ነዳጅ ይቀንሳል። እስኪቆም ድረስ በቀስታ ዝጉት፤ አጥብቃችሁ ካሰራችሁት ሹል ጫፉ መቀመጫውን ያበላሻል። ከዚያ አንድ ዙር ተኩል መልሱት። ሞተሯ እየሠራች ሩብ ሩብ ዙር እያላችሁ ሚኒሞው ከፍ የሚልበትን ፈልጉ፤ ሲገኝ ሚኒሞውን በሌላኛው ብሎን አውርዱትና እንደገና ፈልጉ። ጥሩው ቦታ ከአንድ እስከ ሁለት ዙር ተኩል መሐል ከወደቀ የሚኒሞ ጂግለሩ ልክ ነው። የነዳጅ ብሎን ሆኖ ከግማሽ ዙር በታች ካስፈለጋት የሚኒሞ ጂግለሩ በዝቷል፤ ከሦስት ዙር በላይ ከጠየቀች አንሷል። የአየር ብሎን ከሆነ ተቃራኒው። የሚኒሞ ጂግለሮች 35፣ 38፣ 40 እያሉ ነው የሚመጡት፤ እዚህ አንድ ደረጃ መዝለል ትልቅ ለውጥ ነው። ለደጋ 38 ያላት ወደ 35 መውረድ ብዙ ጊዜ የጠዋት ማጨስን ያቆማል።

ፒዜድ 30 ከሆነ ነዳጅ ስትሰጡ የሚረጭ ትንሽ ፓምፕ አለው። ፊልትሮውን አውጥታችሁ ሞተሯ ጠፍታ ነዳጅ መስጫውን ስጡ፤ ከናስ አፍንጫው ቀጭን ጅረት ወዲያው መውጣት አለበት፣ ስላይዱንም መምታት የለበትም። ፓምፑ ያነሰ ነዳጅን ይሸፍናል፤ በድንገት ስትሰጧት ጥሩ የምትነሣ፣ ቀስ ብላችሁ ስትሰጧት ግን የምትንተፋተፍ ከሆነ መርፌው ገና አልተስተካከለም።

ጂግለር ሲገዛና ሲጸዳ

አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥርሱ፣ ርዝመቱና የራሱ ቅርጽ መመሳሰል አለበት። ሶማሌ ተራ አካባቢ በከረጢት የሚሸጡ ርካሽ ስብስቦች ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ሁለት ጂግለሮችን ጎን ለጎን ወደ ብርሃን ይዛችሁ በማጉያ መነጽር ብታዩ 95 ተብሎ ከ100 የሰፋ ታገኛላችሁ። ከአንድ ስብስብ ውስጥ መግዛት ይሻላል፤ ቁጥሩ ትክክል ባይሆን እንኳ ቅደም ተከተሉ ይጠበቃል።

በአንዳንድ ጋራዥ የሚደረገው ነገር አለ፦ ጂግለሩን በቆርቆሮ ሞልቶ በቀጭን መሰርሰሪያ እንደገና መብሳት። ቀዳዳው ክብ ቢመስልም መግቢያው ላይ ጠርዙ ይሰበራል፣ ፍሰቱም ከስፋቱ ጋር አይሄድም፤ ምን ቁጥር እንደሆነ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። በሽቦ መጎርጎርም እንዲሁ ነው፤ ናስ ለስላሳ ነው፣ ብረት ሽቦ ያሰፋዋል። በተጨመቀ አየርና በካርቡራተር ማጽጃ ንፉት፤ ደርቆ ከተዘጋ ከናይለን ብሩሽ የተነቀለ ፀጉር ይበቃል።

ስትፈቱ የካቻቪቴው አፍ የጂግለሩን ስንጥቅ ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ይሁን። ትልቁ ጂግለር ሲዞር አብሮት መርፌው የሚገባበት የናስ ቱቦ የሚፈታ ከሆነ ቱቦውን በ7 ወይም በ8 ቁልፍ ያዙት፤ ቱቦው ልቅ ሆኖ ከቀረ ነዳጅ በጎኑ ያልፋል፣ ጂግለሩ ዋጋ የለውም። የኩባያው ብሎኖች ራስ አንዴ ካለቀ በ4 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን ራስ ብሎኖች ቀይሯቸው። መስመር ላይ በምትሠሩበት ጊዜ ይህ ብዙ ንዴት ያድናል።

ወደ ቆላ ሲወረድ

ለአዲስ አበባ ልክ የሆነች ሞተር ቆላ ስትወርድ ነዳጅ ያንሳታል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ጭነት አለ፣ ሰውም ሙሉ ይሰጣል። አዋሽና መተሐራ ከአንድ ሺህ ሜትር በታች ናቸው፤ የቀኑን ሙቀት ጨምረን ስናሰላው አየሩ ከአዲስ አበባ 12 በመቶ ያህል ይከብዳል፣ ቀዳዳውም 3 በመቶ መስፋት አለበት። 100 የነበረው 102 ወይም 103፣ ጥርጣሬ ካለ 105። እስከ ጅቡቲ ለሚወርድ 105 ወይም 106 ነው። ወደ ላይ ሲሆን ለውጡ ትንሽ ነው፤ 2,840 ሜትር ላይ ላለችው ደብረ ብርሃን አንድ ደረጃ መቀነስ ከበቂ በላይ ነው፣ ለአንድ ቀን ጉዞ ደግሞ ጨርሶ መቀየር አያስፈልግም።

በጣም የምፈራው ቦታ የአባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ በመውረዱ ጊዜ ነዳጅ መስጫው ዝግ ስለሆነ ምንም አይታይም። ችግሩ የሚመጣው ከድልድዩ በኋላ፣ በሞቀ አየር፣ በሙሉ ጭነት፣ በሁለተኛ ማርሽ ወደ ደጀን ሲወጣ ነው። ጂግለር ላለመቀየር ከፈለጋችሁ ቢያንስ ክሊፑን አንድ እርከን ዝቅ አድርጉ፣ ከሦስት ሩብ በላይ አትስጡ፣ ሞተሯ የመንቀጫቀጭ ድምፅ ካሰማች ወዲያው ቀንሱና ማርሽ ቀይሩ። ደጋና ቆላ ለሚመላለስ ሰው የእኔ ምርጫ ለታችኛው ከፍታ አስተካክሎ አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ማጨሷን መታገሥ ነው። ካንዴላ ከፒስቶን ይረክሳል።

አቧራማ መንገድ ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ኮን ፊልትሮውን ራሱን አልመክርም። ደቃቅ አቧራ ያሳልፋል፣ ፋሻና ሲሊንደር ይበላል፤ ዝናብ ላይ ውሃ ጠጥቶ ነዳጅ ያበዛል። የአየር ሳጥኑን መልሶ፣ ዘይት የጠጣ ንጹሕ ስፖንጅ አስገብቶ፣ ማርሚታውን ብቻ ከፍቶ የተስተካከለ ካርቡራተር ከእሱ ጋር የሚቀራረብ ጉልበት ይሰጣል፤ መካከለኛው ክልልም ይጠራል።

ስኩተር ላይ

ጂዋይ6 ዓይነት ስኩተር ላይ ያለው ካርቡራተር ስላይዱን የሚያነሣው ገመድ ሳይሆን የአየር መሳብ ነው፤ ገመዱ የሚከፍተው ሌላ ክዳን ነው። ስለዚህ የነዳጅ መስጫው ምልክት ከስላይዱ ቦታ ጋር በትክክል አይገጥምም። ከላይ ያለውን ክዳን ፍቱና ቀጭኑን ጎማ ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ እዩት፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ቀዳዳ እንኳ ካለች ስላይዱ አይነሣም፣ ሙሉ ሲሰጥ የምትታፈን ሞተር ላይ ጂግለር መቀየር ከንቱ ነው። ክዳኑን ስትመልሱ የጎማው ጠርዝ ቦዩ ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ፤ ሞላው ሳይጣመም በቀጥታ ይቀመጥ። ይህ ዓይነት ካርቡራተር ለከፍታ ከፊሉን በራሱ ይለማመዳል፤ ስለዚህ ከሲጂው ያነሰ ለውጥ ይበቃዋል፣ አንድ ደረጃ ብቻ ቀይራችሁ ፈትኑ።

ስኩተር ላይ አንድ ተጨማሪ ማታለያ አለ። ማርሹ በቀበቶ የሚለዋወጥ ስለሆነ ያረጀ ቀበቶ ወይም ጎናቸው የተበላ ሮለሮች ሞተሯን ልክ ነዳጅ እንዳነሳት ያስመስሏታል፤ ዙሩ ይነሣል፣ መሄድ ግን የለም። ካርቡራተር ከመፍታት በፊት የቀበቶውን ሽፋን ክፈቱ፤ የሮለሮቹ ጎን ጠፍጣፋ ከሆነ እነሱን ቀይራችሁ ከዚያ ጂግለሩን ፈትኑ።